በበር ላይ የተሠራች ድሬዳዋ

በአሜሪካ ቤቶች ውስጥ የመኝታ ክፍል በር ሆኖ የሚያገለግለው እንጨት አብዛኛውን ጊዜ እንጨት አይደለም። ዳር ዳሩን ቀጭን የእንጨት ፍሬም ይዞረዋል፤ በሁለቱም ፊት ስስ ኮምፔንሳቶ ወይም የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ይለበጥበታል፤ መሃሉ ግን እንደ ማር እንጀራ የተያያዘ ካርቶን ነው። በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። አገር ቤት የጽድ ወይም የዋንዛ በር የለመደ ሰው አንድ ጊዜ አንኳኩቶ "ይሄም በር ተብሎ!" ይላል።

የሞዴል ባቡር የሚሠሩ አሜሪካውያን ግን ይህንኑ በር ከማጠፊያው አንሥተው፣ አጋድመው፣ ጠረጴዛ ማድረግ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ባዶነቱ ነው የፈለጉት። አንድ ሰው ብቻውን ይዞት ደረጃ መውረድ ይችላል። ሁለቱ ልባሶች በሁለት በኩል እኩል ስለሚስቡት እንደ ተራ ጣውላ ቶሎ አይጣመምም። ርዝመቱ 80 ኢንች (203 ሳንቲ ሜትር)፣ ውፍረቱ 3.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ እንደሚገባበት ክፍል ይለያያል። አናጺ ሳይጠሩ፣ መጋዝ ሳይነኩ፣ ያለቀለት ሜዳ ያገኛሉ ማለት ነው።

ወገኖች፣ "የመጫወቻ ባቡር እዚህ ምን አመጣው?" እንደምትሉ እናውቃለን። ወንጌልን የሚያነብ ሰው ደግሞ "በር" የሚል ቃል ሲሰማ ልቡ ወዲያው ወደ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ይሮጣል። ዛሬ ወደዚያ አንሄድም። የምንነግራችሁ ከአሮጌ የቤት ዕቃ መሸጫ በ25 ዶላር ስለ ተገዛ፣ የእጀታ ቀዳዳ ስላለው አንድ በር፣ እንዲሁም በዚያ በር ዙሪያ መነጋገር ስለ ጀመሩ ሁለት ሰዎች ነው።

እኛ ባልና ሚስት ከአንድ ልጃችን ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። የዛሬ 3 ዓመት እማማ ሲያርፉ አባባ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብለን አመጣናቸው። የአንዳችን አባት ናቸው፤ ለሁለታችንም አባባ ናቸው። ድሬዳዋ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ 31 ዓመት ሎኮሞቲቭ ሲጠግኑ ኖረዋል። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ፤ እሑድ ጠዋት እርሳቸውን ቤተ ክርስቲያናቸው አድርሰን እኛ ወደ ጉባኤያችን እንሄዳለን። ዩኒቨርሲቲ ሳለን በወንጌላውያን ኅብረት ጌታን ማገልገል ስንጀምር የተነሣው ክርክር 20 ዓመት አብሮን ኖሯል። እማማ በመካከል ሆነው ያበርዱት ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ አባባ አልተከራከሩንም። ዝም አሉ። ስንጠይቃቸው "ደህና ነኝ"፣ ስናቀርብላቸው "ይበቃኛል" ብቻ ሆነ። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ እንዳለ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለክርክር መልስ ይገኛል፤ ለዝምታ ግን ከየት ይመጣል? ጸሎታችን ውስጥ በየቀኑ የነበረ ጉዳይ ነው።

ከልጃችን ጋር ደግሞ ቋንቋው ነበር። 13 ዓመቱ ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። አባባ እንግሊዝኛ የላቸውም።

ከሰፈራችን አጠገብ የጭነት ባቡር ያልፋል፤ አንዳንዱ ከመቶ በላይ ፉርጎ ይጎትታል። አባባ በረንዳው ላይ ቆመው ይቆጥራሉ። አንድ ቀን ልጃችን እየሮጠ ገብቶ "አባባ በፈረንሳይኛ ነው የሚቆጥሩት!" አለን። ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ይማራል። እኛ አባባ ፈረንሳይኛ እንደሚችሉ ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀው፣ ከማወቃችንም የተነሣ የረሳነው ነገር ነው። የድሬዳዋ ምድር ባቡር የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ የመሣሪያው ስም፣ የሹሙ ስም፣ ስድቡም ጭምር። በዚያ ሳምንት ልጃችን ሁለት ነገር አወቀ፤ "ፉርጎ" የፈረንሳይኛ ቃል መሆኑንና አዲስ አበባ ያለው "ለገሃር" ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር"፣ ማለትም "ጣቢያው" ከሚለው መምጣቱን። ከዚያ "ድሬዳዋን እንሥራት" ያለው እርሱ ነው። በር ላይ እንደሚሠራም ያገኘው እርሱ ነው።

ለምን ትንሹ መጠን እንደ ተመረጠ ላስረዳ ካልን ቁጥር ማንሣት ግድ ነው። በብዛት የሚሸጠው የሞዴል ባቡር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። የተለመደው ኩርባው ሙሉ ዙር ሲዞር ከሐዲድ መሃል እስከ ሐዲድ መሃል 91 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። የእኛ በር ሙሉ ስፋቱ 91 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ባቡሩ ግማሽ አካሉ አየር ላይ ሆኖ መዞር ነበረበት። ከእርሱ የሚያንሰው፣ ኤን የሚባለው መጠን፣ 160 ጊዜ ያነሰ ነው። የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር፣ ሰው 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የእኛ ኩርባ ከመሃሉ እስከ ሐዲዱ 28 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሩ ላይ ዞሮ ለከተማ ቦታ ይተርፋል።

አባባ የመጀመሪያውን ሐዲድ አንሥተው ዐይናቸው ድረስ አቀረቡና "ሰፊ ነው" አሉ። አንድ ቃል ጨምረው፦ "የእኛ አንድ ሜትር ነበር።" ልጃችን ስልኩን አወጣ። አንድ ሜትር ለ160 ሲካፈል 6.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር በ160 ሲባዛ ደግሞ 1 ሜትር ከ44። እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ሐዲዳችን የሚመስለው በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን አዲሱን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ነው፤ የእርሱ ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ነው። ጠባቡን ሐዲድ በዚህ መጠን መግዛት ይቻላል፤ ግን ውድ ነው፣ ምርጫውም ትንሽ ነው። አያትና ልጅ ልጅ ሁለት ቀን ተከራከሩበት፤ በአማርኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣት። ክርክር እንደዚያ ደስ ብሎን አያውቅም። በመጨረሻ አባባ "ይሁን፤ ሐዲዱ የእርሱ ዘመን፣ ከተማዋ የእኔ ዘመን" ብለው ፈረዱ።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ መጣ፤ ምን ይግባ? አሮጌው መስመር ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 160 ጊዜ ቢያንስ እንኳ ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ ይፈልጋል። የእኛ በር የሚይዘው የእውነተኛው ምድር 325 ሜትር ርዝመትና 146 ሜትር ስፋት ብቻ ነው። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡሩ ነው። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ወደ እርሷ መውጣት ከበደው፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ከታች ሜዳው ላይ ሲደርስ ጣቢያው ቆመ፤ በጣቢያው ዙሪያ ከተማ በቀለ፤ መጀመሪያም አዲስ ሐረር ይባል ነበር። ያን ሁሉ ትቶ 325 ሜትር መምረጥ ነው ጭንቁ። እኛ የጣቢያው ፊት፣ የከዚራ ጎዳና፣ የደቻቱ አሸዋና የአዋሽ ድልድይ እንዲኖሩ ፈለግን። የጣቢያውን ፊትና አሸዋውን አባባ ተቀበሉ። ከዚራን ግማሹን ቆረጡት። ድልድዩን ግን "አይገባም" አሉ። ምክንያት አልሰጡም። በቦታው ወርክሾፑን፣ የውኃውን ታንከርና ከወርክሾፑ በር ውጭ ያለውን አንድ ዛፍ አስገቡ።

በሥራው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከእናንተ መካከል ልጅ ያለው ሊሞክረው ይችላልና። ባዶ በር ምስማር አይይዝም፤ ብሎን የሚጨብጠው ዳር ዳሩ፣ እንጨቱ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ እግር አልገጠምንለትም፤ ሁለት የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አሳረፍነው። አባባ በውኃ ልክ ለኩት፤ በአንድ በኩል አንድ ካርቶን ወረቀት አስገብተው አስተካከሉት። በሩ ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለቤት ማሞቂያ የሚሸጥ ሮዝ ፎም ተለጠፈ። ፎም ላይ ማንኛውም ኮላ አይሆንም፤ አንዳንዱ ያቀልጠዋል፤ ለፎም የተሠራውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ፎሙ ያስፈለገው ወደ ታችም መቆፈር እንዲቻል ነው፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ቢሆንም ወንዝ ነውና ከሐዲዱ ዝቅ ማለት አለበት።

የኤሌክትሪክ ገመዱ ያስቸግራል። ከላይ ቀዳዳ ተሰርስሮ ገመድ ሲገባ በካርቶኑ ማር እንጀራ ውስጥ ይጠፋል፤ የታችኛውን ቀዳዳ አያገኘውም። መፍትሔው የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ነው። ስትሮውን ከላይ እስከ ታች አሳልፎ ገመዱን በውስጡ መላክ። የእጀታው ቀዳዳም ሥራ አገኘ፤ ዋናዎቹ ገመዶች በእርሱ ወረዱና ላዩ ላይ የውኃው ታንከር ተቀመጠበት፤ ችግር ሲኖር ታንከሩን አንሥቶ እጅ መስደድ ነው። አዲስ በር ብንገዛ ይህ ቀዳዳ አይኖርም ነበር።

አፈሩ ከጓሯችን የመጣ ነው። ደርቆ፣ በወንፊት ተነፍቶ፣ ከዚያ ማግኔት ይዞርበታል፤ የብረት ብናኝ ካለው ሎኮሞቲቩ ሞተር ውስጥ ይገባልና። ማግኔቱን አባባ ነበሩ የሚይዙት። "ሞተር ውስጥ የገባ ብረት ሌባ ነው" ይሉ ነበር። የመንገዱ ጥቁር አፈር በምድጃ የደረቀ የቡና አተላ ነው፤ እርጥቡ ይሻግታል። የሐዲዱ ጠጠር በሳሙና ጠብታ ባለው ውኃ ይረጥብና በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ይንጠባጠብበታል። ልጃችን በወረንጦ፣ አባባ በዐይን። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዐይናቸው ግን ከሁላችንም ይበልጣል።

ሥራው ወሬ አመጣ። ከጅቡቲ ሲመለሱ አምስት ቀሚስ ደራርበው ለብሰው፣ በፍተሻ ጊዜ "ብርድ ነው" ስለሚሉ ሴቶች — ድሬዳዋ ላይ ብርድ! ስለ ሼፍ ደ ጋሩ ፊሽካ። ስለ ቅዳሜ ደመወዝ። የግማሹን እኛም ሰምተን አናውቅም ነበር። ልጃችን ያልገባውን ቃል ይጠይቃል፤ አባባ በፈረንሳይኛ ይሞክሩለታል፤ በመሃል አማርኛው እየሰፋ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ልጃችን የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረው። ባቡሩ ኩርባው ላይ ተገልብጦ ከበሩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ልጁ ሳቀ። አባባ "ቀስ!" ብለው ጮኹ። እኛ ከወጥ ቤት ሮጠን መጣን፤ ድምፃቸው እንደዚያ ሲወጣ ሰምተን አናውቅምና። ተቀምጠው ነበር፤ ሎኮሞቲቩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የመንገደኛ ባቡር ኩርባ ውስጥ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከድልድይ ገደል ወደቀ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህ ሁላችሁም ልታገኙት የምትችሉት የታወቀ ታሪክ ነው። እኛ የማናውቀው አባባ ሐዲዱን ለማንሣት ከተላኩት ሠራተኞች አንዱ መሆናቸውን ነው። ያየሁትን አሉ፤ ሁሉን እዚህ አንጽፍም። የአንድ ሕፃን ጫማ ነገር አለበት። 40 ዓመት ለማንም አልተናገሩም፤ እማማ ብቻ ያውቁ ነበር። ልጃችን አማርኛው ሙሉ በሙሉ ገብቶት እንደሆነ አናውቅም፤ ግን ተነሥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ እንግሊዝኛም አልተናገረም። በዚያ ሌሊት ሁለታችን ስንጸልይ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ብቻቸውን ተሸክመው ነበር" ከማለት በቀር ቃል አላገኘንም። ድልድዩ ለምን እንዳልገባ ያን ጊዜ ገባን።

ከኅብረታችን አንድ ወንድም በቤት ለቤት ጸሎት ጊዜ መጥቶ በሩን አየ። በፍቅር ነው የጠየቀን፦ "ይህ ሁሉ ሰዓት ለጸሎት ቢውል አይሻልም?" ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለጌታ ያለን ሰዓት እንደሚሸራረፍ የማያውቅ ማን አለ? እኛ የመለስንለት ከኢያሱ ምዕራፍ 4 ነው። ሕዝቡ ዮርዳኖስን ሲሻገር ከወንዙ መካከል 12 ድንጋይ ተሸክሞ እንዲያወጣ ታዘዘ፤ ድንጋዮቹ ልጆች አይተው እንዲጠይቁ ነበር። ሳይጠየቅ የሚናገር አባት ሞልቷል፤ እኛ አባባን ጠየቅናቸው እንጂ እርሳቸው አልመለሱልንም ነበር። የሚጠቁሙበት ድንጋይ በእጃቸው አልነበረም። ወንድማችን ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ በወርክሾፑ በር ላይ ያለው ዛፍ ምን እንደሆነ ጠየቀ።

የድሬዳዋ ዛፍ ነው፤ አበባው እንደ እሳት ቀይ የሚሆነው። አበባውን ከተቀለመ ስፖንጅ ፍርፋሪ ሠራነው። (በርበሬ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ወጥ ቤቱን የምታስተዳድረው ከእኛ አንዷ ከለከለች፤ ትልም ይስባል፣ ያሳዝናልም።) ከዛፉ ሥር 1 ሳንቲ ሜትር የማትሞላ ሴት ቆማለች። ነጠላዋ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ የተቀባ ነጭ ነው፤ በእጇ የምሳ ዕቃ ይዛለች። ልጃችን በወረንጦ ይዞ ሲያቆማት "ማን ናት?" ብሎ ነበር። አባባ "አያትህ" አሉት። እማማ ከትዳራቸው መጀመሪያ ጀምሮ በየቀኑ በ6 ሰዓት ምሳ ይዘው ከዚያ ዛፍ ሥር ይጠብቋቸው ነበር። እኛ ከተወለድንም በኋላ።

ባቡሩ ሙሉ ዙሩን ያለ ችግር የዞረ ዕለት ዘመድ ጠራን፤ ቡና ተፈላ። አንዳችን "አባባ፣ እስኪ ይባርኩልን" አልን። በዚህ ቤት ማን እንደሚጸልይ ብዙ ጊዜ በዘዴ የታለፈ ጉዳይ ነው፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። አባባ ተነሡ፤ በስመ አብ ብለው በበሩ ላይ አማተቡ፤ ለእማማ ነፍስ ዕረፍትን፣ ለልጅ ልጃቸው ዕድሜን፣ ለእኛም — በስማችን ጠርተው — በያዝነው ጽናትን ለመኑ። "በያዛችሁት" አሉ። እኛ በጣም ረጅም አሜን አልን። ስለዚያ ቃል በኋላ አልጠየቅናቸውም።

አባባ አሁን ብዙ ነገር መርሳት ጀምረዋል። የክኒናቸውን ሰዓት፣ ቁልፉን፣ አንዳንዴ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ። ሐኪሙ የሚለውን ሰምተናል፤ ወገኖች፣ በጸሎታችሁ አስቧቸው። በሩ ጋ ሲቀመጡ ግን የትኛው ፉርጎ በየትኛው ሐዲድ እንደሚገባ አይስቱም። ልጃችን የሚናገሩትን በስልኩ ይቀርጻል፤ በአማርኛ ለመጻፍም ፊደል እየቆጠረ ነው፤ "ሀ" ፣ "ሐ" እና "ኀ" ለምን ሦስት እንደሆኑ የሚመልስለት አላገኘም።

ባለፈው ሳምንት አባባ የዕቃ መጠቅለያ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ አንድ ነገር ሣሉ። መጀመሪያ መሰላል መስሎን ነበር። የድልድይ ብረት ነው፤ ከጎኑ በፈረንሳይኛ ልክ ተጽፎበታል። "ፍጥነቱ እዚህ ጋ ይጻፍ" ብለው ለልጁ ቦታውን አሳዩት። ሁለተኛው በር ትናንት ተገዝቶ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፏል። ስፋቱ 30 ኢንች ነው፤ የእጀታ ቀዳዳ የለውም፤ አባባ ገመዱ በየት ይወርዳል እያሉ ነው።